የምድር ቤቱ በረኛ

ኤገን ቴርሆርስት ቤት የሚመጣ እንግዳ ኬክ ከመቅመሱ በፊት በረኛውን ማየት ነበረበት። ኤገን እንግዳውን ክንዱን ይዞ፣ ካፖርቱን እንኳ ሳያስወልቀው፣ በጠባቡ ደረጃ ወደ ምድር ቤት ያወርደዋል። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ወለሉ ላይ ያለውን የብረት መክደኛ ብድግ ያደርግና እጁን ወደ ጉድጓዱ ዘርግቶ ዝም ይላል፤ እንግዳው እንዲያደንቅ። እንግዳው የሚያየው አንድ ወፍራም ግራጫ ቧንቧና ቧንቧው ላይ የተገጠመ ሳጥን ነው። "በጣም ጥሩ ነው" ይላል። ሌላ ምን ይበል?

"ልብ ብለህ ስማኝ" ይጀምራል ኤገን። "ከባድ ዝናብ ሲጥል የከተማው የፍሳሽ መስመር ይሞላል። ይሞላና መሄጃ ያጣል። መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለስና በየሰዉ ምድር ቤት ይወጣል። በጎረቤቴ ቤት ይወጣል፣ በቄሱ ቤት ይወጣል። እኔ ቤት ግን በረኛው አለ። ከውጭ ግፊት ሲመጣ ክዳኑ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ አለቀ። ገባህ?"

ይህን ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ያስረዳል፤ ከዚያም ይጠይቃል። ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። በዚያች በኤምስ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ መሪ ከጨበጠው ሰው ግማሹን ያስተማረው እሱ ነው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ጎረምሳ የነበሩት ሁሉ ፀጉራቸው ሸብቶ "መምህር" ይሉታል። ማብራራት ደሙ ውስጥ የገባ ነገር ሆኖበታል።

አይፈረድበትም። በረኛው እንዲሁ በደስታ የመጣ አልነበረም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ልጁ ፍራውከ ለሥዕል ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና የሠራቻቸውን ሥዕሎች፣ የሁለት ክረምት ልፋቷን፣ የምታኖርበት አጥታ ስትጨነቅ "ምድር ቤት አስቀምጫቸው" ያላት እሱ ነው። "ይህ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ምድር ቤቱ ውሃ አያውቅም" አለ ደረቱን ነፍቶ። በሳምንቱ ዝናብ ጣለ። የመንገዱ ሁሉ ፍሳሽ በወለሉ ቀዳዳ ቡልቅ ብሎ ወጣ፣ የፍራውከም ልፋት ውሃ በላው። ሥዕሎቹን ያወጧቸው በአካፋ ነበር።

ፍራውከ አልጮኸችም። ትምህርት ቤቱንም ዳግም አልሞከረችውም፤ መነጽር ቤት ተቀጠረች፣ ደህና ትሠራለች። አባቷን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ አባቷ ቤት አንድም ነገር አታስቀምጥም። የክረምት ጫማዋን፣ አሮጌ ብስክሌቷን፣ የልጅነት አሻንጉሊቷን ሳይቀር ቀስ በቀስ ለቅማ ወሰደች። ብትሰድበው ኖሮ ኤገን መልስ ነበረው፤ ስለ ዝናቡ መጠን፣ ስለ ከተማው ቧንቧ ጥበት ሁሉንም አጥንቶ ጠብቋታል። አልሰደበችውም። እሱም ወለሉን አስቆፍሮ በረኛውን አስገጠመ፣ በየስድስት ወሩ እየከፈተ ይወለውለዋል፣ ቅባት ይቀባዋል፣ ልጁ አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ አምጥታ ምድር ቤቱ እስክታስቀምጥ ይጠብቃል።

ዘንድሮ ፍራውከ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ቲልማን ኦልደንኮት እሱም የኤገን ተማሪ የነበረ ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬ አማቱን "እርስዎ" ማለት አልተወም፣ አብረው መኪና ውስጥ ሲቀመጡም ጀርባው ቀጥ ይላል። ሙሽሮቹ አብረው ስለሚኖሩ ቬሎው እነሱ ቤት ሊቀመጥ አይችልም፤ ሙሽራው ቀድሞ ካየው ገደ ቢስ ነው።

"እኛ መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን" አለች የኤገን ሚስት ሂልትሩድ፣ ሾርባ እያወጣች።

"ብል ይበላዋል" አለ ኤገን።

"ምን ብል አለ?"

"ፀሐይም አለ።"

"ቁም ሣጥን ውስጥ ፀሐይ?"

ውሃ የማያነሳ ምክንያት መሆኑን እሱም ያውቀዋል። ማንኪያውን አስቀመጠና ሳህኑን እያየ "ምድር ቤት ይቀመጥ" አለ።

ሂልትሩድ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ፍራውከ አባቷን ረዘም አድርጋ አየችው። ኤገን በዚያች ቅጽበት የጠየቀው ስለ ቀሚስ እንዳልሆነ ሦስቱም ያውቁታል።

"እሺ አባዬ" አለች።

በማግስቱ ረጅም ነጭ የልብስ ከረጢት፣ ዚፑ እስከ ላይ የተዘጋ፣ ይዛ መጥታ ራሷ ወርዳ ጣሪያው ሥር ካለው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለችው። ከታች ከወለሉ የሚለየው አራት ጣት ነው። ሂልትሩድ "እንዳታጥፈው፣ ከታጠፈ አለቀለት" ብላ አስጠነቀቀችው። የኤገን አንጀት ቅቤ ጠጣ። በየሰበቡ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ድንች ሊያመጣ፣ አምፖል ሊያይ፣ ምንም ሳይኖረውም። ዚፑን አልነካም፤ የሙሽራ ልብስ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሞ ብቻ ያየዋል።

ዓርብ፣ የሰርጉ ዋዜማ፣ ሸክላ የሚሰበርበት ቀን ነው። ለዚህ ማንም አይጠራም፤ የሰማ ሁሉ ያረጀ ሳህኑንና የተሸረፈ ማሰሮውን ይዞ ይመጣል፣ ደጃፍ ላይ ያደቅቀዋል፣ ሙሽሮቹ ይጠርጋሉ፣ ዕድል ይሆናል ይባላል። የሰበረ ሁሉ ቢራ ይጠጣል። የማይጠራ እንግዳ ደግሞ አይቆጠርም፤ ሁሉን ነገር ማወቅ ለሚወደው ለኤገን ከዚህ የከፋ ባህል የለም።

ጠዋት ላይ ኤገን በሁለቱም ሽንት ቤቶች በር ላይ ለዓመታት የተለጠፈውን፣ በራሱ እጅ የጻፈውን ማስጠንቀቂያ ሲያነሳ ሂልትሩድ ያዘችው። ማስጠንቀቂያው ቀይ መብራት ሲበራ ሽንት ቤት ውሃ መልቀቅ፣ ገላ መታጠብ፣ ዕቃ ማጠብ ክልክል መሆኑን ይናገራል።

"ምነው አነሳኸው? ሰማዩን አላየህም?"

"ለአንድ ቀን ነው። ኦልደንኮቶች ይመጣሉ።"

"ኦልደንኮቶች ማንበብ አይችሉም?"

"ስለሚችሉ ነው እንጂ!" አለ ኤገን። የቲልማን አባት ቤታቸው ኮረብታው ላይ ነው፤ ባለፈው ኤገን በረኛውን ሲያሳያቸው በትሕትና ፈገግ ብለው "እኛ እንኳ ከላይ ስለሆንን አያስፈልገንም" ብለውት ነበር። ይህች "እንኳ" ኤገንን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስታዋለች። "ሰው ቤቴ ሽንት ቤት ገብቶ ክልክል ነው የሚል ያንብብ? ምን ይሉናል?"

"እነሱ ምን እንደሚሉ እንጃ። በረኛህ ምን እንደሚል ግን የጻፍከው አንተ ነህ" አለችና ድንች ሰላጣዋን ልታይ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ በሰው ተሞላ። ሳህን ይበራል፣ ማሰሮ ይፈነዳል፣ ልጆች ይጮኻሉ። ጎረቤቱ ኮንራድ መታጠቢያ ቤቱን ያሳደሰ ሰሞን ነውና አሮጌውን የሽንት ቤት መቀመጫ በእጅ ጋሪ ጭኖ መጣ። ሕዝቡ እልል አለ። ኮንራድ መቀመጫውን ከፍ አድርጎ "ለሙሽሮቹ ጤና!" ብሎ ሲያደቅቀው ፍራውከ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኤገንም ሳቀ፤ ልጁ ደጃፉ ላይ እንዲህ ስትስቅ ካያት ቆይቷል።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። አንድ ጠብታ፣ ሁለት ጠብታ ብሎ ማስጠንቀቅ የለም፤ ባልዲ እንደተገለበጠ ዝናቡን አወረደው። ግቢ የነበረው ሕዝብ ቢራውን አቅፎ ወደ ቤት ሮጠ። ሳሎኑ ሞላ፣ ኮሪደሩ ሞላ፣ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። ፎቅ ላይ ቲልማንና ጓደኞቹ የገላ መታጠቢያውን ገንዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ጠርሙሱን እዚያ ነክረውታል።

ኤገን ማንም ሳያየው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘንብሎ ጠበቀ። ቆየት ብሎ ጠቅ! አለ። ቀይ መብራት በራ።

ደስታውን እንዴት ልንገራችሁ! በትንሿ መስኮት ሲያይ የመንገዱ ውሃ የጉድጓዱን ክዳን እየገፋ ይንፈቀፈቃል፤ እሱ ቤት ወለሉ አቧራ ነው። እግዜር ይቅር ይበለውና ዝናቡ እንዲበረታ ተመኘ። ወደ ነጩ ከረጢት ዞሮ "አየሽ?" አለው፣ ልጁን የሚያናግር መስሎት።

በዚህ መሀል የወለሉ የውሃ መውረጃ ጉርጉር አለ።

ኤገን ዞር አለ። በመውረጃው ወንፊት በኩል ቡናማ ውሃ ብቅ ብሎ እንደ ማጥናት ካለ በኋላ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። በረኛው ተሰበረ ብሎ ተንበርክኮ ዳሰሰው፤ ክዳኑ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፣ ከውጭ አንዲት ጠብታ አታልፍም። ወዲያው ከራሱ በላይ አንድ ሰው ሽንት ቤት ውሃ ለቀቀ። ውሃው በግድግዳው ቧንቧ እየዘፈነ ወርዶ በረኛው ጋ ደረሰ፣ መውጫ አጣ፣ ተመልሶ በወለሉ ወጣ።

ያኔ ገባው። ሲያብራራው የኖረው ነገር ነው፣ ግን ያኔ ገባው። በረኛው የውጭውን እንዳይገባ ሲከለክል የውስጡንም እንዳይወጣ ይከለክላል። የሚወጣው የመንገዱ ፍሳሽ አይደለም። የራሱ ቤት ነው፤ ገዝቶ ያጠጣቸው ቢራ ነው።

ከረጢቱን ይዞ ሽቅብ መሮጥ ይችል ነበር። ግን ደረጃው የሚወጣው ኮሪደሩ መሀል ነው፣ እዚያ ደግሞ ቲልማን አለ፣ ኦልደንኮቶች አሉ፣ ፍራውከ አለች። ከረጢቱ ሲወጣ ካየች ምድር ቤቱ ዳግም እንደከዳት ታውቃለች። ማጠፍም አይቻልም። ውሃው ገና ስስ ነው፣ ቀሚሱ አራት ጣት ከፍ ያለ ነው። ምንጩን ማቆም ነው! ብሎ ወጣና የታችኛው ሽንት ቤት በር ላይ ጀርባውን ለጥፎ ቆመ።

"ተበላሽቷል" አለ ለመጀመሪያዋ ሴት።

"አሁን ሰው ወጣ'ኮ መምህር!"

"አሁን ነው የተበላሸው።"

"የፎቁስ?"

"እሱም።"

"ሁለቱም በአንድ ጊዜ?"

"ይተዛዘናሉ" አለ ኤገን፤ ምን እንደሚል ጠፍቶት።

ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ግማሹ ከአንድ እግር ወደ ሌላ እግር ይቀያይራል። "መምህር፣ ቀይ መብራት ነው እንዴ?" ብሎ ከኋላ አንዱ ሲጮህ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ኤገን ግን ክው አለ። ኮንራድ ሰው እየገፋ መጣ።

"ኤገን፣ ልለፍ።"

"አይቻልም ኮንራድ።"

"የራሴን መቀመጫ ደጅህ ላይ ሰብሬ፣ አሁን ያንተን ትከለክለኛለህ? ወዴት ልሂድ?"

"ትንሽ ታገሥ።"

"ሰውዬ፣ እኔ ታግሼ ነው የመጣሁት!"

ሕዝቡ ተከፍሎ መንገድ ሰጠ። ወይዘሮ ኦልደንኮት ናቸው፤ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀጥ ብለው፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

"ይቅርታ አቶ ቴርሆርስት።"

"ወይዘሮ ኦልደንኮት፣ በጣም አዝናለሁ፣ ጥቂት ቢታገሡልኝ።"

"ስንት ያህል?"

"ዝናቡ እስኪያባራ።"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። "እኔንና ዝናቡን ምን አገናኘን?"

ኤገን አፉን ከፈተ። ሊያብራራ ነበር፤ ስለ መስመሩ፣ ስለ ግፊቱ። ግን ከፎቅ የቲልማን ድምፅ ወረደ። "ጓዶች፣ ገንዳው ውስጥ ውሃ ብቻ ነው የቀረው! ቢራው አልቋል፣ ውታፉን ልነቅለው ነው!"

"አትንቀል!" ብሎ ጮኸ ኤገን።

ማን ሰምቶት። በግድግዳው ውስጥ አንድ ሙሉ ገንዳ ውሃ እየተንኳኳ ሲወርድ ቤቱ ሁሉ ሰማው። በሩን ለሕዝቡ ጥሎ፣ አንድ ሰው አገጭ ላይ በክርኑ መትቶ፣ ወደ ምድር ቤት ተንደረደረ። ሰልፉ ደስ ብሎት ወደ ሽንት ቤቱ ጎረፈ።

ታች ውሃው ጫማውን ዋጠው። ሽታው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልረሳው ሽታ ነው። የከረጢቱ ጫፍ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ወዲያና ወዲህ ይላል። ኤገን "ወይኔ ልጄን!" አለ፤ ድምፁ ከየት እንደወጣ አያውቅም። ከረጢቱን ከማንጠልጠያው መንጭቆ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ ደረጃውን ወጣ።

"መንገድ! መንገድ ልቀቁ!"

ከከረጢቱ ጫፍ የሚንጠባጠበው የኮንራድን ራስ አረጠበ። "ሙሽራው እንዳያይ!" ብላ አንዷ ከደረጃው በመውረድ ላይ የነበረውን የቲልማንን ራስ በፎጣ ጠቀለለችው፤ ልጁ በደመ ነፍስ ቀጥ ብሎ ቆመ። አቶ ኦልደንኮት አፍንጫቸውን ከፍ አደረጉ።

"ይህ ሽታ..." አሉ።

"የኛ ነው" አለ ኤገን። "የሁላችንም።"

ፍራውከ የስብርባሪ ማፈሻ እንደያዘች ከደጃፉ በኩል መጣች። አባቷን አየችው፤ ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተነክሮ፣ ከረጢቱን እንደ ታቦት ተሸክሞ። ማፈሻዋን አስቀምጣ ክንዱን ያዘችና ወደ ማእድ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች።

"ጫፉ ብቻ ነው" አለ ኤገን ቶሎ ቶሎ። "ጫፉን ብቻ ነው የነካው፣ ምናልባት ሌሊቱን እናትሽ በሳሙና... ወይ ካጠረ አይታይም፣ ጫማሽ ሊታይ ይችላል እንጂ..."

"አስቀምጠው አባዬ።"

"መሬት ላይ?"

"መሬት ላይ።"

ጎንበስ ብላ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ከፈተችው። ውስጡ የኤገን አሮጌ የመታጠቢያ ጋዋን፣ አረንጓዴው፣ ኪሱ የተቀደደው፣ መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ ከረጢቱን ለማክበድ አንድ መጋረጃ ታጥፎ ተቀምጧል። የረጠበው መጋረጃው ብቻ ነው።

ኤገን ጋዋኑን አየ። ልጁን አየ። እንደገና ጋዋኑን አየ።

"ቬሎው የቲልማን እናት ጋ ነው" አለች። "መጀመሪያም እዚህ አልመጣም።"

"ኮረብታው ላይ?"

"ኮረብታው ላይ።"

"እናትሽ ታውቃለች?"

"ጋዋንህን ማን የሰጠኝ ይመስልሃል?"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከውጭ የሕዝቡ ሳቅና የሽንት ቤቱ ውሃ በተራ ይሰማሉ፤ አሁን ማንም ከልካይ የለውም። ኤገን መሬት መሬቱን እያየ "በረኛው ሠርቷል'ኮ" አለ። "ጠቅ ብሎ ነው የተዘጋው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከመንገዱ አንዲት ጠብታ አልገባችም።"

"አውቃለሁ። በረኛውን አምነዋለሁ አባዬ። ያላመንኩት አንተን ነው።"

አልጮኸችም። ሰዓት ስንት እንደሆነ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረችው። ኤገን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መልስ አዘጋጅቶ የጠበቀው ነገር ይኸው መጣ፤ መልሱ ግን አንዱም በቦታው አልተገኘም።

"ታዲያ ለምን እሺ አልሽኝ?"

"ደስ እንዲልህ። ምድር ቤት ስትወርድና ስትወጣ እንደምትውል እማዬ ነግራኛለች። ደስ ብሎኝ ነበር።" ከማጠቢያው ሥር ጨርቅ አውጥታ እጇን ጠረገች፤ ጠርጋ ስትጨርስም መጥረጉን አልተወችም። "ሥዕሎቼ ሲጠፉ ዕድሜዬ ገና አሥራ ዘጠኝ ነበር። አንድ ነገር ትለኛለህ ብዬ በር በሩን ሳይ ነበር። አንተ ቧንቧ አስገጠምክ። ጎረቤት ሁሉ ጠርተህ ቧንቧውን አሳየህ። እኔን ግን አንድ ቀን ይቅርታ አላልከኝም።"

"ያን ጊዜ የጣለው ዝናብ..." ብሎ ጀመረ ኤገን።

ፍራውከ ጨርቁን አስቀመጠችው።

ኤገን አፉን ዘጋ። በዓይኑ እንባ ሞልቶ ስለነበር የሚያየው አረንጓዴውን ቀለም ብቻ ነበር።

"ይቅርታ፣ ልጄ" አለ። ማብራሪያ አልጨመረበትም።

ፍራውከ ጋዋኑን ከመስቀያው አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና እርጥብ ጫማውን ልታወልቅለት እግሩ ሥር ተንበረከከች።